ክረምቱን መጠይቅ ይዛችሁ ለምትወጡ

ልጆች፣ ዘንድሮ ክረምት ለጥናት ወደ ደቡብ ወሎ፣ ወደ ቃሉና ተሁለደሬ ወረዳ ገጠር የምትወጡ አላችሁ አሉ። ደስ ብሎኛል። በማኅበረሰብ ጤና ሥራ ብዙ ዓመት ቆይቻለሁና አንድ ነገር ላጫውታችሁ።

ተማሪ ሳለሁ ከኮምቦልቻ ወጣ ብላ ባለች ቀበሌ አንዲት እናት ቤት ገባሁ። ውጭ ዝናቡ ይወርዳል። ልጇን መዘንኩት፤ 8.8 ኪሎ። «ስንት ወሩ ነው?» አልኳት። «እንጃ፣ ገና ትንሽ ነው» አለችኝ። ባዶ ቦታ መተው ፈራሁ። ልጁን አየት አደረግሁና «14» ብዬ ጻፍኩ።

ቡናው ቶና ላይ ሲደርስ ጎረቤቷ ጣልቃ ገባች። «ይሄ እኮ የመውሊድ ለት የተወለደው ነው። ያለፈው ሳይሆን የዛኛው ዓመት።» ቆጠርኩ። 22 ወር! 8.8 ኪሎ ለ14 ወር ወንድ ልጅ አያሳስብም። ለ22 ወር ግን ከሚገባው በታች ነው። በእኔ ግምት ያ ልጅ «ደህና» ተብሎ ሊታለፍ ነበር። እጄ እየተንቀጠቀጠ ሰርዤ ጻፍኩ።

ስለዚህ ዕድሜ ስትጠይቁ አትቸኩሉ። በመውሊድ፣ በጥምቀት፣ በበልግ አጨዳ እያስታወሳችሁ ቁጠሩ። ካልተገኘ ባዶውን ተዉት፤ ለአስተባባሪያችሁም ንገሩ። «ተቅማጥ አለበት ወይ?» ብቻ ብላችሁም አትለፉ። «አስቀምጦታል? በቀን ስንቴ?» በሉ። በ24 ሰዓት 3 ጊዜና ከዚያ በላይ ቀጭን ሰገራ ካስቀመጠው ተቅማጥ ነው።

የልጁን ክንድ ዙሪያ የምትለኩባትን ጥብጣብ አታጥብቋት፣ አታላሏትም። ከ6 ወር እስከ 5 ዓመት ያለ ልጅ የክንዱ ዙሪያ ከ11.5 ሴንቲ ሜትር በታች ከሆነ ሪፖርቱ እስኪጻፍ አትጠብቁ። ያኔውኑ ለእናቲቱ ነግራችሁ ወደ ጤና ኬላ አብራችሁ ሂዱ። የጤና ኤክስቴንሽኗን አክብሩ። እያንዳንዱን ቤት ከናንተ በላይ ታውቀዋለች።

ደግሞ ክረምት ለብዙ ቤት ጎተራ የሚጎድልበት ጊዜ ነው። አንባቢው ውጤቱን ከወቅቱ ጋር አያይዞ እንዲያየው፣ የለካችሁበትን ወር በሪፖርታችሁ በግልጽ ጻፉ።

አንድ ነገር እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። የኛ ቡድን መረጃውን ይዞ ሄደ፤ አልተመለሰም። ቡናቸውን አፍልተው ያስተናገዱን ሰዎች ምን እንዳገኘን አልሰሙም። እናንተ ከመመለሳችሁ በፊት አንድ ቀን ለዚህ አስቀምጡ። ሰብሰብ ሲሉ፣ በቡናው ላይ፣ በሚገባቸው ቋንቋ ንገሯቸው።