ጥያቄና መልስ፦ ትምህርት፣ የዓረብ አገር ሥራና የሚላክ ብር

ከፒያሳ፦ «እህቴ አሥረኛ ክፍል ናት፤ ገና 17 ዓመቷ። ደላላ ‹ዕድሜዋን ከፍ አድርገን ዓረብ አገር እናስገባታለን› ብሎ 40 ሺህ ብር ጠየቀን። እንክፈል?»

በፍጹም! 18 ሳይሞላት ለሥራ መላክን ሕጉ አይፈቅድም። ብሩስ ለምኑ ነው? በአዋጅ ቁጥር 923/2008 መሠረት ቪዛውን፣ የደርሶ መልስ ትኬቱን፣ ኢንሹራንሱንና የሥራ ፈቃዱን የሚችለው አሠሪው ነው። ሠራተኛዋ የምትችለው እንደ ፓስፖርትና የሕክምና ምርመራ ያለውን ነው። ሠልጥኖና ተመዝኖ የሚገኘው የሙያ ብቃት ማረጋገጫ፣ ሲኦሲም፣ የግድ ነው። ሰው «ለወረቀት ነው» ይለዋል፤ አይደለም። ከሪያድ የተመለሰች ጎረቤቴ ሳትሠለጥን ነው የሄደችው። የልብስ ማጠቢያውን ማሽን ማስነሳት ስላላወቀች የመጀመሪያውን ወር የቤቱን ልብስ በእጇ ስታጥብ ከረመች። በረኪና የላጠው ጣቷ ምልክቱ ዛሬም አለ። እባካችሁ፣ ልጅቷ ቢያንስ አሥራ ሁለተኛን ትጨርስ።

ከልደታ፦ «ልጄ ጅዳ ናት። ብሩን በባንክ ትላክ ወይስ በሰው?»

እናቴ፣ በባንክ ይሁን። ድሮ ዶላር ባንክ ውስጥ 57 ብር ገደማ ሆኖ ጥቁር ገበያው እጥፍ ገደማ ይከፍል ስለነበር ሰው ወደዚያ ቢሄድ አይፈረድበትም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ግን ባንክም በቀናት ውስጥ 100 አለፈ። በሰው የመጣ ብር ቢጠፋ ደረሰኝ የለዎትም። ስምዎን ግን እንደ መታወቂያዎ አድርጋ ትጻፍ። ቸርችል ጎዳና ላይ አንዲት እናት ኮዱን በብጣሽ ወረቀት ይዘው መስኮቱ ጋ ቆመው አይቻለሁ። መታወቂያቸው «ወርቅነሽ»፣ የተላከው «ወርቄ» በሚል ስም ነበር። ባዶ እጃቸውን ተመለሱ።

አንድ ነገር ልለምንዎት። ከሚመጣው ላይ ጥቂቱን በልጅዎ ስም ደብተር ያስቀምጡላት። ሁሉም ለቤት ዕድሳትና ለድግስ ሲያልቅ፣ ስትመለስ የራሷ የምትለው ሳንቲም ታጣለች።

ከአራት ኪሎ፦ «ወንድሜ ከአሜሪካ ሲልክ ይቆረጥበታል?»

ከታኅሣሥ 23 ቀን 2018 ጀምሮ በጥሬ ገንዘብ ከላከ 1 በመቶ ይከፍላል። ከአሜሪካ ባንክ ሂሳቡ ወይም ካርዱ ከላከ ግን ይህ ግብር የለበትም።

ከስታዲየም፦ «ከ6 ዓመት በኋላ ከኩዌት ተመለስኩ። ትምህርቴን ያቆምኩት ስምንተኛ ላይ ነው። አሁን 27 ዓመቴ ነው፤ ማታ ልማር ብል አይሳቅብኝም?»

ማንም አይስቅብሽም፣ እህቴ። የማታ ክፍል ቀን ሥራ ውለው በሚመጡ ሰዎች የተሞላ ነው። ምግብ ማብሰሉን ደግሞ ስትሠሪው ኖረሻል፤ በልምድ ያገኘሽውን ሙያ ለሲኦሲ ማስመዘን ትችያለሽ። መጀመሪያ የሚኒስትሪ ካርድሽን እናትሽ ሳጥን ውስጥ ፈልጊው።