ፎቶው የማን ነው? የስቱዲዮው፣ የሙሽራዋ ወይስ የአንቺ?

ጥያቄ፦ ባሕር ዳር የጋዜጠኝነት 3ኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። ቅዳሜና እሁድ ለአንድ ፎቶ ስቱዲዮ ሠርግ አነሳለሁ። የሚከፈለኝ በቀን ነው፤ ውል የለኝም። ጥር ላይ ያነሳኋትን አንዲት ሙሽራ ኢንስታግራም ላይ ለጠፍኳት። አንድ የውበት ሳሎን ፎቶውን ከገጼ ወስዶ በትልቅ ባነር አሳትሞ በሩ ላይ ሰቀለው። ሙሽራዋ ደውላ ጮኸችብኝ። የስቱዲዮው ባለቤት ደግሞ «ፎቶው የኔ ነው፣ ማን ለጥፊ አለሽ?» አለኝ። ስመረቅ በግሌ መሥራት ነው ሐሳቤ። ፎቶው የማን ነው? ሳሎኑን መክሰስ እችላለሁ?

መልስ፦ እህቴ፣ ከመጨረሻው ልጀምር። ክሱን ተዪው። እንደ ነገርሽኝ ከሆነ አንቺ ከሳሽ የምትሆኚበት በር ጠባብ ነው። ተከሳሽ የምትሆኚበት ግን ክፍት ነው። እኔ የሙያ አማካሪ እንጂ ጠበቃ አይደለሁም፤ ይህን ለማወቅ ግን ጠበቃ መሆን አያስፈልግም። ሕጉን ገልጦ ማንበብ ይበቃል።

ነገሩ ሦስት ሰው ያጣላ ይምሰል እንጂ ሲፈታ ሁለት ጥያቄ ነው። ሥራው የማን ነው? ፊቷን ለሕዝብ እንዲታይ የሚፈቅደውስ ማን ነው? ብዙ ፎቶ አንሺዎች ሁለቱን ይደባልቋቸዋል። «ያነሳሁት እኔ ነኝ» ካሉ ሁሉም ያለቀ ይመስላቸዋል።

መጀመሪያ ሥራው። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ፎቶግራፍን እንደ አንድ የፈጠራ ሥራ ይጠብቃል። ግን አንድ ሰው ተቀጥሮ ወይም ታዝዞ የሠራው ሥራ ባለቤቱ፣ በውል ሌላ ካልተባለ በቀር፣ ቀጣሪው ወይም ያሠራው ሰው ነው ይላል። አንቺ ደግሞ ውል የለሽም። ስለዚህ የስቱዲዮው ባለቤት በአንቺ ላይ የተናገረው መሠረት አለው።

ግን እሱም ብዙ አይኩራራ። ስቱዲዮውን ያሠሩት እኮ ሙሽሮቹ ናቸው! ከእነሱ ጋር የተፈራረመው ወረቀት ስለ ባለቤትነት ምንም ካላለ፣ ያው አንቀጽ ዞሮ እሱንም ይነካዋል። አብዛኛው የሠርግ ደረሰኝ ደግሞ የአልበሙን ብዛት፣ የቪዲዮውን ሰዓትና ቀብዱን ነው የሚጽፈው። ስለ መብት አንድ መስመር የለውም።

አንቺ ጋ የሚቀር ግን አለ። የገንዘቡ መብት ወደ ሌላ ቢሄድም የሞራል መብት የሚባለው ከአንሺው ጋር ይቆያል። ሥራው በስምሽ እንዲጠራ መጠየቅ፣ ክብርሽን በሚነካ መልኩ ሲቆራረጥ መቃወም ትችያለሽ። ስቱዲዮው አልበሙ ላይ የራሱን ሎጎ ብቻ አትሞ ያንቺን ስም ከዘለለ፣ የምታነሺው ጥያቄ ይሄ ነው።

ስለ ስም ካነሳን አንድ ነገር ልጨምር፤ ለግል ሥራሽ ትልቅ ነው። አዋጁ ለፎቶ ያስቀመጠው ለየት ያለ ቅድመ ሁኔታ አለ። ፎቶው የስብስብ አካል ሊሆን፣ በመጽሐፍ ሊታተም፣ አለዚያም የአንሺውን ወይም የወኪሉን ማንነት ወይም አድራሻ ሊይዝ ይገባል። የፍትሐ ብሔር ሕጉም ድሮ የሚለው ይህንኑ ነበር። እና ስምሽን ጥግ ላይ ጻፊ። «ፎቶውን ያበላሸዋል» የሚሉሽን አትስሚ። ካሜራሽ ሴቲንግ ውስጥም የአንሺ ስም ማስገቢያ አለው፤ አንዴ ከሞላሽው እያንዳንዱ ፋይል ውስጥ አብሮ ይቀመጣል። ግን በቴሌግራም እንደ ፎቶ ስትልኪው መረጃው ይጠፋል። ለደንበኛ እንደ ፋይል ላኪው፤ ዋናውን ደግሞ ሃርድ ዲስክሽ ላይ አስቀሪ። የፎቶ ጥበቃ ዕድሜም አጭር ነው። ለአብዛኛው ሌላ ሥራ የደራሲው ዕድሜና ከዚያ በኋላ 50 ዓመት ሲሆን፣ ለፎቶ ከተነሳበት ጊዜ ጀምሮ 25 ዓመት ብቻ ነው።

አሁን ወደ ፊቷ እንምጣ። እውነቱን ለመናገር ዋናው ጉዳይሽ ያለው እዚህ ነው።

የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 27 የሰው ፎቶ ያለ ሰውየው ፈቃድ በአደባባይ እንዳይለጠፍ፣ እንዳይባዛ፣ እንዳይሸጥ ይከለክላል። የሚያወራው ስለ ባለ ፎቶው እንጂ ስለ አንሺው አይደለም። ካሜራው የማንም ይሁን፣ መብቱም የማንም ይሁን፣ ፊቱ የሷ ነው። ሳሎኑ ይህን አንቀጽ የጣሰው ባነሩን የሰቀለ ዕለት ነው። ሙሽራዋ ባነሩ እንዲወርድ ማስገደድ ትችላለች። ፍርድ ቤቱም ሳሎኑ ከዚያ ያገኘውን ጥቅም ያህል ካሳ እንዲከፍል ሊያዝ ይችላል። ግን ያንቺስ ገጽ? ኢንስታግራምም አደባባይ ነው። «ለማሳያ እንጂ ለንግድ አይደለም» ማለት አያዋጣም፤ ማሳያሽ ደንበኛ መጥሪያሽ ነውና።

ሕጉ ልዩ ሁኔታዎችም አሉት፤ አንቀጽ 28 ላይ ታገኚያቸዋለሽ። ታዋቂ ሰው፣ ባለሥልጣን፣ የፍትሕና የፖሊስ ሥራ፣ ሳይንስ፣ ባህልና ትምህርት፣ እንዲሁም በአደባባይ የተደረገ ወይም ሕዝብን የሚመለከት ክንውን። የጋዜጠኝነት ተማሪ ስለሆንሽ ይሄ ይጠቅምሻል። ጎንደር ፋሲለደስ መዋኛ ጥምቀት ላይ የምታነሺውን ሕዝብ አንድ በአንድ አስፈርሚ የሚልሽ የለም። ያንኑ ፎቶ ግን ለቢራ ፋብሪካ ካላንደር ብትሸጪው ነገሩ ሌላ ነው። በበዓሉ ዘገባ ውስጥ የነበረ ፊት የቢራ አስተዋዋቂ ሆነ ማለት ነው። እኔ ብሆን ያለ ፊርማ አልነካውም።

ደቡብ ኦሞም ሄደሽ ከሆነ ታውቂዋለሽ። ሙርሲ መንደር ፎቶ የሚነሳው ሰው በነፍስ ወከፍ ይከፈለዋል። አንዳንዱ ጎብኚ ከከፈለ በኋላ ሁሉን የገዛ ይመስለዋል። ለማንሳት የተከፈለ ብር ግን ለማስታወቂያ የተሰጠ ፈቃድ አይደለም።

ይህ ጣጣ የእኛ ብቻ እንዳይመስልሽ። አሜሪካዊቷ ዶሮቲያ ላንግ በ1936 እ.ኤ.አ. ካሊፎርኒያ ውስጥ አንዲት ምስኪን የእርሻ ሠራተኛ ከልጆቿ ጋር አነሳች። ላንግ የመንግሥት ተቀጣሪ ስለነበረች ፎቶው የሕዝብ ንብረት ሆነና ማንም በነፃ ያባዛው ጀመር። የሴትየዋ ስም ፍሎረንስ ኦወንስ ቶምሰን ነው። ማንነቷ የታወቀው በ1978 እ.ኤ.አ. ነው፤ ያኔም ባለመጠየቋና ከፎቶው ሳንቲም ባለማግኘቷ በግልጽ አማረረች። ከዓለም ታዋቂ ፎቶዎች አንዱ ነው፤ አንሺዋም ተነሺዋም ግን ባለቤቱ አልነበሩም። ምን ልልሽ ነው፣ ያንቺን ጉዳይ ይመስላል።

እንግዲህ ምን ትሠሪ? ዛሬውኑ ፎቶውን ከገጽሽ አውርጂ። ከዚያ ሙሽራዋን ደውለሽ ይቅርታ ጠይቂ፤ በጽሑፍ ሳይሆን በድምፅ። ሳሎኑን ባነሩን እንዲያወርድ እንደጠየቅሽም ንገሪያት፤ ግን መጀመሪያ በእርግጥ ጠይቂያቸው። አብዛኛው ሳሎን «ሙሽራዋ ልትከስ ትችላለች» ሲባል ያወርዳል። እምቢ ካሉ ከሳሿ እሷ ናት። አንቺ መቼና የት እንዳነሳሻት የምትመሰክሪ ነሽ።

ለነገ ሥራሽ ደግሞ አንድ ገጽ ወረቀት አዘጋጂ። ፊርማው የሚመጣው ቀብድ ሲከፈል ነው እንጂ በሠርጉ ዕለት አይደለም። የሠርጉ ዕለት ሙሽራ የሰጧትን ሁሉ ትፈርማለች፤ ከዚያ ምንም አታስታውስም። ሁለቱም ሙሽሮች ይፈርሙ። እንዲህ ሊል ይችላል፦ «ፎቶ አንሺዋ ከሠርጋችን ፎቶዎች ውስጥ እኛ አይተን የመረጥናቸውን በሥራ ማሳያዋና በማኅበራዊ ገጿ እንድትለጥፍ ፈቅደናል። ለሌላ ድርጅት ማስታወቂያ ግን ያለ አዲስ ጽሑፍ ፈቃዳችን አይውሉም። የፎቶዎቹ የቅጂ መብት የፎቶ አንሺዋ ሲሆን፣ እኛ ለግል አገልግሎት ያለ ገደብ ማተምና ማጋራት እንችላለን።» የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር ነው ባለቤትነቱን ወደ አንቺ የሚያመጣው። እሱ ከሌለ የቀደመው አንቀጽ ተመልሶ ይመጣል።

«ደንበኛ ይሸሽብኛል» ብለሽ እንዳትፈሪ። «አይ፣ እንዳትለጥፊ» የሚል ይኖራል፤ ይኑር። ለሱ ዋጋ ጨምሪ የሚሉ ፎቶ አንሺዎች አሉ። እኔ አልደግፈውም፤ ሰው ፊቱን ለመደበቅ መክፈል የለበትም። ከሃያ ሠርግ አምስቱ ቢፈቅዱልሽ ለማሳያ ይበቃሻል።

ይህን የምገፋበት ሌላም ምክንያት አለኝ። አንቺ ሠርግ ላይ የምትቀሪ አልመሰለኝም። የእርዳታ ድርጅቶች ፎቶ አንሺ ሲቀጥሩ የተነሺው የፈቃድ ፎርም አብሮ እንዲመጣ ይጠይቃሉ፤ ለሕፃን ደግሞ የወላጅ ወይም የአሳዳጊ ፊርማ። እንደ ሸተርስቶክ ያሉ የፎቶ መሸጫዎችም ፊቱ የሚለይ ሰው ያለበትን ፎቶ ያለ ፊርማ ለማስታወቂያ አይሸጡም፤ ወረቀቱን ሞዴል ሪሊስ ይሉታል። ማሳያሽ ውስጥ ያለው ፊት ሁሉ ፈቃድ ያለው ከሆነ ከአሁኑ አንድ ደረጃ ቀድመሻል።

ከስቱዲዮው ባለቤት ጋር ደግሞ አትጣዪ። እስክትመረቂ ሥራውም መብራቱም ያስፈልግሻል። ሰኞ ሠርግ ስለሌለ ረጋ ብሎ ሲያገኝሽ ጠይቂው፦ «ጋሼ፣ ፎቶው ያንተ ይሁን፤ ከየሠርጉ አሥር ፎቶ ሙሽሮቹ ከፈቀዱ በስሜ እንድለጥፍ በወረቀት ጻፍልኝ፤ አልበሙ ላይም ስሜ ይግባ።» ይህ ሳንቲም አያስወጣውም። እምቢ ካለ፣ ሁለተኛ ፎቶ አንሺ ሆነሽ ለሌላ ስቱዲዮ መሥራት ትችያለሽ፤ ባሕር ዳር ጥር ላይ ፎቶ አንሺ የማይፈልግ ስቱዲዮ የለም።