ማኅበር ለሁለት ሲከፈል ጓደኝነት እንዳይከፈል

የማኅበር ጠብ በሰው አገር ይከፋል። አገር ቤት የተቀየመ ሰው ዘመድም የሰፈር ሰውም ይቀርለታል፤ እዚህ ግን ልጁን ከትምህርት ቤት የሚያመጣለት፣ ሲታመም ሆስፒታል የሚያደርሰው ያው የማኅበሩ ሰው ነው።

በጓደኛችሁ ሐሳብ ካልተስማማችሁ ከስብሰባው በፊት ከእናንተው አፍ ይስማው። በዋዜማው ደውሉለት፤ ጽሑፍ አትላኩ። «ነገ በዚህ ነጥብ አልደግፍህም፣ ምክንያቴም ይኸው። ስምህን የሚያነሳ ካለ ግን ዝም አልልም» በሉት። ሰው የሚቀየመው ተቃውሞው በሰው ፊት ዱብ ሲልበት ነው። ስብሰባው ላይም ቃላችሁን ጠብቁ፤ ንግግሩ ከአጀንዳው ወጥቶ ወደ ሰውየው ሲዞር «ሰውየውን ተዉት፣ ወደ ጉዳዩ እንመለስ» ማለት ይበቃል። ያን ጊዜ ዝም ካላችሁ ከተሳዳቢው ይልቅ የእናንተ ዝምታ ውስጡ ይቀራል።

ከባዱ የገንዘብ ነገር ነው። ጓደኛችሁ ገንዘብ ያዥ ሆኖ ሲጠረጠር «እኔ አውቀዋለሁ፣ አያደርገውም» ማለት አያድነውም፤ እናንተንም ያስጠረጥራል። የሚያድነው ወረቀት ነው። የባንክ መግለጫውን፣ ደረሰኞቹንና ወጪውን የፈቀዱትን ቃለ ጉባኤዎች በየቀናቸው አብራችሁ ደርድሩ። ከዚያ ከሁለቱም ወገን አንድ አንድ ሰው፣ የማንም ወገን ያልሆነ ሦስተኛ ታክሎበት፣ ሒሳቡን እንዲያይ ጠይቁ። እናንተ ከሦስቱ ውስጥ አትግቡ፤ ንጹሕ ሆኖ ቢገኝ እንኳ «ጓደኛው ነው ያጣራው» ይባላል። ጉድለት ከተገኘም አትሸፍኑለት። የሚመልስበትን ቀን ቆርጦ ራሱ ለጉባኤው እንዲናገር ምከሩት፤ ሲናገርም አጠገቡ ተቀመጡ። ብዙ ሰው የሚሸሸው በዚህ ሰዓት ነው።

በስልክ ግሩፕ ላይ አትከራከሩ። ዋትስአፕ ላይ የላካችሁትን ማረም የምትችሉት በ15 ደቂቃ ውስጥ ብቻ ነው፤ ብትሰርዙትም መሰረዙ ይታያል፣ ስክሪንሾት ያነሳ ካለም አይመለስም። ጓደኛችሁ በግል የላከላችሁን የድምፅ መልእክት ለእሱው መከላከያ ብላችሁ እንኳ ለሌላ አታስተላልፉ፤ ግማሹ ተቆርጦ ይዞራል። ሌላው ወገን «እሱ ምን ይላል?» ብሎ ቢጠይቃችሁ ራሱ እንዲደውልለት ንገሩት፤ መልእክት አመላላሽ ከሁለቱም ጋር ይጣላል።

ስብሰባው እንዳለቀ በዚያው ምሽት ደውሉለት። በሌለበት የተባለ ነገር ካለ አሳጥራችሁ፣ ሳታጋንኑ፣ የተናጋሪውን ስም ከነምክንያቱ ንገሩት፤ ከሌላ ሰው ተጨምሮበት ከመስማቱ በፊት።