ክዳኑ ሲዘጋ ጠረጴዛ ነው

ጥያቄ፦ የምኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። የምንከባከባቸው እናት ቤታቸውን ሲለቁ አሮጌ ፒያኖ ሰጡኝ። አራት ማዕዘን ሳጥን ነው፣ ከአልጋዬ አያንስም፤ ሳሎኑን ሞላው። ባለቤቴ «ሆዱን አውጥተን ቡፌ እናድርገው» ይላል። እኔ አልጨከንኩም። ምን ይሻላል?

መልስ፦ እህቴ፣ እንኳንም አልጨከንሽ። እሱ ስኩዌር ፒያኖ ይባላል። ድሮም ከቤት ዕቃ ጋር አብሮ እንዲኖር የተሠራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1760ዎቹ ለንደን ላይ ዮሐንስ ዙምፔ ሲሠራቸው ትንንሽ ነበሩ። ክዳናቸው ሲዘጋ ግድግዳ ተጠግተው ጠረጴዛ ይሆናሉ። ቪየና ውስጥ የመርፌና የክር ሳጥን የሆኑ ፒያኖዎችም ነበሩ። በ1866 ደግሞ አልጋ፣ መሳቢያና የፊት መታጠቢያ ሳህን ያለው ፒያኖ ወጣ! ስኩዌር ፒያኖ አሜሪካ ሲደርስ ግን ገዘፈ፤ ውስጡ የብረት ፍሬም ገባበት። ባለቤትሽ «ሆድ» ያለው ያንን ነው።

ከ20 ዓመት በፊት አንድ ደንበኛ ዴስክ አድርግልኝ ብሎኝ አንዱን ፈታሁት። ቁልፎቹን ሳነሳ ከሥር የዛገ መርፌና የእርሳስ ቁራጭ አገኘሁ። በየቁልፉ እንጨት ላይ ከ1 እስከ 85 ቁጥር ተጽፏል። ሠሪው አንድ በአንድ፣ በእጁ። ዴስኩ አማረ። እኔ ግን ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም፤ እንዲህ ያለ ሥራም ደግሜ አልተቀበልኩም።

እውነቱን ልንገርሽ፣ አሳድሶ መሸጥ አያዋጣም፤ ብዙ ጊዜ የማደሻው ወጪ ከዋጋው ይበልጣል። ስለዚህ እንዳለ ተጠቀሚበት። ወፍራም ጨርቅ አልብሺው፤ ረከቦቱንና ስኒውን ደርድሪበት። ከእሳት የወረደ ጀበና ግን አታስቀምጪበት፣ ቫርኒሹ ላይ ነጭ ቀለበት ይተዋል። የአበባ ማሰሮማ ጨርሶ አይታሰብ፤ ውሃ ከገባ አለቀለት። ከማሞቂያውም አርቂው፣ ደረቅ አየር እንጨቱን ይሰነጥቀዋል።

አንድ ነገር አደራ፦ ባለቤትሽ የፒያኖውን የብረት ክሮች በፒንሳ እንዳይቆርጥ። የክሮቹ ውጥረት ሲደመር በቶን ነው የሚቆጠረው፤ ተበጥሶ የተፈናጠረ ክር ዓይን ያጠፋል። ይልቅ አንድ የፒያኖ ቃኚ ጥሪ። ክሮቹ የተጠመጠሙባቸው መቃኛዎች ክሩን ጠበቅ አድርገው ከያዙና የብረት ፍሬሙ ካልተሰነጠቀ፣ ገና ይዘፍናል።

እስከዚያው ማታ ቤቱ ጸጥ ሲል ክዳኑን ክፈቺና መሃል ላይ ካሉት አንዱን ቁልፍ ቀስ ብለሽ ተጫኚ። ባለቤትሽም አጠገብሽ ይቁም።