«ጣልኩት» ሲባል ምን ማለት ነው? ሲፒኤስና ሐኪም ስለ ተጎዳ ልጅ ሲነጋገሩ፦ ጥያቄና መልስ

ጥያቄዎቹ የመጡት አሜሪካ ካሉ ወላጆች፣ ነርሶች፣ አስተርጓሚዎችና የሕፃናት ጥበቃ (ሲፒኤስ) ሠራተኞች ነው። ሕጉ በየስቴቱ ስለሚለያይ መልሱ በአሠራሩ ላይ ያተኩራል።

ጥያቄ፦ ልጅ ከቤት ይውጣ ብሎ የሚወስነው ሐኪሙ ነው?

መልስ፦ አይደለም። ሐኪሙ የሚመልሰው «ይህ ጉዳት በተባለው መንገድ ሊደርስ ይችላል ወይ?» የሚለውን ነው። ልጁ ዛሬ የት ይደር የሚለው የሲፒኤስ፣ በመጨረሻም የዳኛ ጉዳይ ነው። ወንጀል ካለ ማን እንደፈጸመው የሚያጣራው ፖሊስ ነው። ነገር የሚበላሸው አንዱ በሌላው ሥራ ሲገባ ነው፤ ለምሳሌ ሐኪሙ መዝገቡ ላይ «ወላጆቹ ጨዋ ይመስላሉ» ብሎ ሲጽፍ። ጨዋነት በራጅ አይታይም። በዚህ ሥራ ላይ ብቻ የሠለጠኑ የሕፃናት ሐኪሞች አሉ፤ የመጀመሪያው የቦርድ (የልዩ ሙያ ማረጋገጫ) ፈተናቸው የተሰጠው በ2009 እ.ኤ.አ. ነው። ስለዚህ ሙያው ገና ወጣት ነው።

ጥያቄ፦ ነርስ ነኝ። ሳላረጋግጥ ብጠቁም የሕሙማንን ምስጢር የሚጠብቀው ሂፓ አያስጠይቀኝም?

መልስ፦ ሂፓ የልጅ ጥቃት ጥቆማን ያለ ወላጅ ፈቃድ ይፈቅዳል። የሚፈለገው ምክንያት ያለው ጥርጣሬ እንጂ ማረጋገጫ አይደለም። በብዙ ስቴቶች ለአለቃ መንገር ብቻውን ጥቆማ ሆኖ አይቆጠርም።

ጥያቄ፦ አዲስ የሲፒኤስ ሠራተኛ ነኝ። ሐኪሙ ጋ ምን ይዤ ልሂድ?

መልስ፦ «ከአልጋ ወደቀ» የሚል ወረቀት ብቻ ይዘሽ ከሄድሽ ባዶ እጅሽን ሄድሽ ማለት ነው። የአልጋውን ከፍታ በሜትር ለኪ፤ ወለሉ ምንጣፍ ይሁን ሲሚንቶ ጻፊ። ልጁ ይገለበጣል? ይድሃል? ይቆማል? የ2 ወር ሕፃን «ተገላብጦ ወደቀ» ከተባለ ሐኪሙ ጆሮውን ያቆማል። ደህና ሆኖ መጨረሻ ያየው ማን ነው፣ በስንት ሰዓት? እናትና አባትን ለየብቻ ጠይቂ፣ ቃላቸውንም ሳታሳምሪ እንዳለ ጻፊው።

ቃጠሎ ከሆነ የቤቱን ሙቅ ውሃ ከፍተሽ በቴርሞሜትር ለኪ። በ60 ዲግሪ ሴልሺየስ ውሃ ጥልቅ ቃጠሎ ለማድረስ ለአዋቂ እንኳ 5 ወይም 6 ሰከንድ ይበቃል፤ የልጅ ቆዳ ከዚያም ይፈጥናል። በ49 ዲግሪ ግን ደቂቃዎች ይፈጃል። «አፍታ ነክቶት ነው» የሚለው ቃል የሚቆመው ወይም የሚወድቀው በዚህ ቁጥር ነው፤ ሐኪሙ ደግሞ ያንን ቤት አያየውም። ፎቶውን በዚያው ዕለት አንሺ፤ አንድ ከሩቅ፣ አንድ ከቅርብ፣ አንድ ማስመሪያ ከጎኑ አድርገሽ።

ጥያቄ፦ ብልዝ በቀለሙ ስንት ቀኑ እንደሆነ ይታወቃል ይባላል። እውነት ነው?

መልስ፦ አይታወቅም። ቢጫ ሆኗልና የሳምንት ነው የሚል ሰው ፍርድ ቤት ላይ ያፍራል። የሚጠቅመው ቦታው ነው። በሚሮጥ ልጅ ቅልጥም ወይም ግንባር ላይ ያለ ብልዝ የተለመደ ነው። ከ4 ዓመት በታች በሆነ ልጅ ደረት፣ ሆድ፣ ጀርባ፣ መቀመጫ፣ ጆሮ ወይም አንገት ላይ ሲሆን ግን ምርመራ ይፈልጋል። ጉንጭ፣ የመንጋጋ ጥግ፣ የዓይን ቆብ፣ የከንፈርና የድድ ማያያዣ ሥጋ ላይ ያለ ጉዳት፣ የቀበቶ ወይም የጣት ቅርጽ ያለው ሰንበርም እንዲሁ። 5 ወር ባልሞላው ሕፃን ላይ የትም ቦታ ያለ ብልዝ አይታለፍም።

ጥያቄ፦ ልጄ እየሳቀ ነው፤ ለምን ሙሉ አካሉ ራጅ ይነሳል? ደግሞም ከሁለት ሳምንት በኋላ ተመለሱ አሉን።

መልስ፦ ከ2 ዓመት በታች ልጅ የት እንዳመመው አይናገርም፤ የተሰበረ ጎድንም ከውጭ ላይታይ ይችላል። ትኩስ የጎድን ስብራት የመጀመሪያው ራጅ ላይ ሊደበቅ ይችላል፤ ከሁለት ሳምንት በኋላ የሚድነው አጥንት ሲያብጥ ይወጣል። የደም ምርመራም አለ፤ የጉበት ኢንዛይሞች ከ80 ካለፉ የሆድ ሲቲ ስካን ይታሰባል። በአንድ ቤት ያሉ ከ2 ዓመት በታች የሆኑ ልጆችም ይመረመራሉ፣ በተለይ መንታ።

ጥያቄ፦ ሲወለድ ጀምሮ ጀርባው ላይ ሰማያዊ ነገር አለው። ዋገምትስ እንደ ጥቃት ይቆጠራል?

መልስ፦ ሰማያዊው የልደት ምልክት በእኛ ልጆች ዘንድ ብዙ ነው። በሳምንት ውስጥ ቀለሙ አይለወጥም፣ ሲነኩትም አያምም። ሐኪሙ በመጀመሪያው ክትትል መዝገብ ላይ እንዲጽፈው ጠይቁ፤ በኋላ ብዙ ጣጣ ያድናል። የዋገምት ክብ ምልክት ካለ አትደብቁ፤ ማን፣ መቼ፣ ለምን እንዳደረገው ተናገሩ። ሐኪሙም የደም መርጋት ችግርንና ሪኬትስን (የአጥንት መሳሳትን) የመሰሉ በሽታዎችን ማጣራት ግዴታው ነው።

ጥያቄ፦ ልጅቷ ተደፍሬአለሁ ብላ ሐኪሙ «ምርመራው ኖርማል ነው» አለ። ዋሽታለች ማለት ነው?

መልስ፦ በፍጹም። ጥቃት የደረሰባቸው አብዛኞቹ ልጆች አካል ላይ ምልክት አይገኝም፤ ቦታው ፈጥኖ ይድናል። ዋናው ማስረጃ የልጅቷ ቃል ነው። ስለዚህ ልዩ ሥልጠና ያለው ሰው አንድ ጊዜ ብቻ ይጠይቃት፣ ሌሎቹ (ፖሊስና ሲፒኤስ) ከሌላ ክፍል ይከታተሉ። ድርጊቱ በ72 ሰዓት ውስጥ ከሆነ ሰውነቷን ሳታጥቡ ቶሎ ውሰዷት፤ የኤችአይቪ መከላከያ መድኃኒትም የሚጀመረው በዚያው 72 ሰዓት ውስጥ ነው። ልብሷንና አንሶላውን በላስቲክ ሳይሆን በወረቀት ከረጢት አድርጉ፤ በላስቲክ ውስጥ ይሻግታል።

ጥያቄ፦ አስተርጓሚ ነኝ። የት ነው የምንሳሳተው?

መልስ፦ እዚህ ላይ ብዙ ፋይል ተበላሽቷል። እናት «ጣልኩት» ስትል ከእጄ አመለጠኝ ማለቷ ነው ወይስ ወረወርኩት? አማርኛው ሁለቱንም ይሸከማል፤ እንግሊዝኛው አይሸከምም። «እጁን ያዝኩት» ክንዱን ነው መዳፉን? «እግሩን» ታፋውን ነው ውስጥ እግሩን? «ቀጣሁት» ከማንበርከክ እስከ ቀበቶ ይደርሳል። ከሁሉ የከፋው ሰዓት ነው፦ «ማታ 3 ሰዓት ደህና ነበር» ያለችው በፈረንጅ ሰዓት ሌሊት 3 (3 AM) ተብሎ ከተጻፈ ስድስት ሰዓት ይጠፋል፤ በዚያ ስድስት ሰዓት ልጁ በሌላ ሰው እጅ ነበር ይሆናል። አንተ አትምረጥ፤ «ቃሉ ሁለት ትርጉም አለውና ላጣራ» በል። ዘመድ ወይም ታላቅ ልጅ በፍጹም አያስተርጉም።

ጥያቄ፦ ሪፖርቱ «ከጥቃት ጋር ይጣጣማል» ይላል። ይበቃል?

መልስ፦ ከአደጋም ጋር ሊጣጣም ይችላል። ሐኪሙን መልሳችሁ ጠይቁት፦ የተነገረው ታሪክ ይህን ጉዳት ያስረዳል ወይስ አያስረዳም? የትኞቹ በሽታዎች ተጣርተው እንደሌሉ ታወቀ? የትኛው ውጤት ይቀራል? መልሱን በጽሑፍ ተቀበሉ፤ የሁለት ሳምንቱም ራጅ ሳይነበብ ፋይሉን አትዝጉ።