«ኤ»፣ «ዘ» ወይስ ባዶ? ስለ እንግሊዝኛ አርቲክል ጥያቄና መልስ

አርቲክል የሚባሉት ከእንግሊዝኛ ስም ፊት የሚገቡት «ኤ»፣ «ኤን» እና «ዘ» ናቸው፤ አንዳቸውም ካልገቡ «ባዶ» እንላለን። የእንግሊዝኛው ምሳሌ ሁሉ እንደ አነባበቡ በፊደላችን ተጽፏል። ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ይያዝ፦ የሚቆጠርና ነጠላ የሆነ የእንግሊዝኛ ስም ራቁቱን አይቆምም፤ ፊቱ ላይ አንድ ነገር ይፈልጋል።

ጥያቄ፦ አንድ ስም ስጽፍ በምን ቅደም ተከተል ላስብ?

መልስ፦ መጀመሪያ «አንባቢዬ የትኛው እንደሆነ ያውቃል ወይ?» ብለው ይጠይቁ። ካወቀ «ዘ» ነው፤ ነጠላ ይሁን ብዙ፣ ይቆጠር አይቆጠር ለውጥ የለውም። ካላወቀ ደግሞ ስሙ የሚቆጠር መሆኑን ይመልከቱ። የሚቆጠርና ነጠላ ከሆነ «ኤ» ወይም «ኤን»፣ ብዙ ቁጥር ወይም የማይቆጠር ከሆነ ባዶውን ይተዉት።

ብዙ ሰው የሚሰናከለው «እኔ አውቀዋለሁ» ብሎ «ዘ» ስለሚጽፍ ነው። የሚታየው ግን የተናጋሪው ሳይሆን የሰሚው ዕውቀት ነው። ትናንት የገዙትን መኪና ወሬው ላልደረሰው ሰው ሲያነሱ «አይ ቦት ኤ ካር» ይላሉ፣ መኪናውን ከእርስዎ በላይ የሚያውቅ ባይኖርም። ከዚያ በኋላ «ዘ ካር» ይሆናል። ሞተሩ ግን ገና ለመጀመሪያ ጊዜ ቢጠቀስም «ዘ ኢንጂን» ነው፤ መኪና ሞተር እንዳለው ሰሚው ያውቃልና።

ጥያቄ፦ «ልጁ»፣ «ልጅቷ» ስንል ያለው ቅጥያ ከ«ዘ» ጋር አንድ አይደለም? እሱን ተከትዬ ብተረጉምስ?

መልስ፦ ግማሽ መንገድ ያደርስዎታል። «ውሻው» ካሉ «ዘ ዶግ» ብለው አይሳሳቱም። ችግሩ ቅጥያ የሌለበት ቦታ ላይ ነው። «ፀሐይ ወጣች» ለማለት አማርኛ ቅጥያ አያስፈልገውም፣ እንግሊዝኛው ግን «ዘ ሰን» ይላል፤ «ዘ ሙን» እና «ዘ ስካይ»ም እንዲሁ። «ሐኪም ናት» የሚለው «ሺ ኢዝ ኤ ዶክተር» ነው፤ በሙያ ስም ፊት «ኤ»ን መዝለል በአማርኛ ተናጋሪ ጽሑፍ ላይ አዘውትሮ የሚታይ ግድፈት ነው። «መጽሐፍ ገዛሁ» ሲባልም አንድ ይሁን አምስት አይታወቅም። እንግሊዝኛ ይህን አይታገሥም፤ «ኤ ቡክ» ወይም «ቡክስ» ብለው መወሰን አለብዎት።

«ቤቱ» ደግሞ «የእሱ ቤት» ማለትም ሊሆን ይችላል። ያን ጊዜ «ሂዝ ሃውስ» ይባላል እንጂ «ዘ ሂዝ ሃውስ» የለም። «ማይ»፣ «ሂዝ»፣ «ዚስ» ካሉ የአርቲክሉ ቦታ ተይዟል።

ጥያቄ፦ «ዩኒቨርሲቲ» የሚጀምረው በአናባቢ ፊደል ነው። ታዲያ ለምን «ኤ» እንጂ «ኤን» አይባልም?

መልስ፦ የሚታየው ድምፁ እንጂ ፊደሉ ስላልሆነ ነው። እኛ ደግሞ ለዚህ የሚሆን ጥሩ መሣሪያ አለን። ቃሉን እንደ አነባበቡ በአማርኛ ይጻፉት፤ መጀመሪያው ከ«አ» ቤተሰብ ከሆነ፣ ማለትም ከኧ፣ አ፣ ኡ፣ ኢ፣ ኤ፣ ኦ አንዱ ከሆነ «ኤን»፣ ሌላ ፊደል ከሆነ «ኤ» ነው። «አወር» በ«አ» ስለሚጀምር «ኤን አወር»፣ «ዩኒፎርም» በ«ዩ» ስለሚጀምር «ኤ ዩኒፎርም»፤ «አምብሬላ» ግን «ኤን አምብሬላ»። በፊደል ስም በሚጀምር ቃልም ይሠራል፤ «ኤክስሬይ» ስለሆነ «ኤን ኤክስሬይ»።

ልብ ይበሉ፣ የሚመዘነው አርቲክሉን ተከትሎ የሚመጣው ቃል ነው። «ኤን አፕል» ብንልም ቅጽል ሲገባ «ኤ ረድ አፕል» ይሆናል።

ጥያቄ፦ «አንድ መረጃ» ማለት እየተቻለ «ኤን ኢንፎርሜሽን» ለምን ስህተት ይሆናል?

መልስ፦ «ኤን» በጥንቱ እንግሊዝኛ «አንድ» ማለት ከነበረው ቃል የመጣ ነው። እየሳሳ ሄዶ አርቲክል ሆነ፣ ከተነባቢ ፊት ደግሞ «ን» ድምፁን ጣለ። አንድ ተብሎ ከማይቆጠር ስም ፊት የማይገባው ለዚህ ነው። ፈተናው የሚመጣው የሁለቱ ቋንቋዎች አቆጣጠር ስለማይገጥም ነው። እኛ «አንድ ምክር ልስጥህ»፣ «ብዙ መረጃዎች አሉ» እንላለን። እንግሊዝኛ ግን «አድቫይስ»፣ «ኢንፎርሜሽን»፣ «ፈርኒቸር»፣ «ላጌጅ»፣ «ኢክዊፕመንት»፣ «ሆምወርክ»፣ «ኤቪደንስ» የሚሉትን እንደ ውኃ ነው የሚያያቸው፤ «ኤ»ም የብዙ ቁጥር «ኤስ»ም አይቀበሉም። አንዱን ለይቶ ለማንሳት «ኤ ፒስ ኦፍ አድቫይስ» ይባላል።

«ኒውስ» በተለይ ያታልላል። መጨረሻው ላይ «ኤስ» ቢኖርም የማይቆጠርና ነጠላ ስለሆነ «ዘ ኒውስ ኢዝ ጉድ» እንጂ «አር» አይባልም። አዲስ ስም ሲያጠኑ መቆጠር አለመቆጠሩን አብረው ይመዝግቡ፤ ለተማሪ የተዘጋጁ መዝገበ ቃላት የሚቆጠረውን በ«ሲ»፣ የማይቆጠረውን በ«ዩ» ፊደል ያመለክታሉ።

ጥያቄ፦ «ዘ ላይፍ ኢዝ ሃርድ» ትክክል ነው?

መልስ፦ ሕይወት በጥቅሉ ከባድ ናት ለማለት ከሆነ «ላይፍ ኢዝ ሃርድ» ነው። ስለ ነገሩ ጠቅላላ ባሕርይ ሲነገር የማይቆጠርና የብዙ ቁጥር ስም ባዶውን ይሄዳል። «ዶግስ ባርክ» የውሻን ጠባይ ይናገራል፤ «ዘ ዶግስ አር ባርኪንግ» ግን የምናውቃቸውን፣ ምናልባት የጎረቤትን ውሾች ነው። «ዘ ላይፍ ኦፍ ኤ ሶልጀር» ሲባል የማን ሕይወት እንደሆነ ስለተለየ «ዘ» ገባ።

ይህን አይተው ግን «ኦፍ» በመጣ ቁጥር «ዘ» አይጻፉ። «ኤ ሜምበር ኦፍ ዘ ቲም» ከአባላቱ አንዱ ማለት ነው፤ «ዘ ሜምበር» ካሉ ቡድኑ አንድ አባል ብቻ ያለው ይመስላል።

ጥያቄ፦ «ፊው» እና «ኤ ፊው» ልዩነታቸው ምንድን ነው?

መልስ፦ «ሂ ሃዝ ፊው ፍሬንድስ» ጓደኛ የለውም ሊባል ምንም አልቀረው ማለት ነው። «ኤ ፊው ፍሬንድስ» ግን ጥቂት ጓደኞች አሉት። «ሊትል» እና «ኤ ሊትል» ለማይቆጠረው በዚሁ መንገድ ይሠራሉ።

ጥያቄ፦ የቦታ ስም ላይ ሁልጊዜ ግራ ይገባኛል። ደንብ አለው?

መልስ፦ አለው። ወንዝ፣ ባሕር፣ ውቅያኖስ፣ በረሃና የተራራ ሰንሰለት «ዘ» ይወስዳሉ፦ «ዘ ናይል»፣ «ዘ ሬድ ሲ»፣ «ዘ ሳሃራ»፣ «ዘ አልፕስ»። ነጠላ ተራራና ሐይቅ አይወስዱም፦ «ማውንት ኤቨረስት»፣ «ሌክ ቪክቶሪያ»። አገር በአብዛኛው ባዶ ነው፤ ስሙ ውስጥ «ስቴትስ»፣ «ኪንግደም»፣ «ሪፐብሊክ» ካለ ወይም ስሙ ብዙ ቁጥር ከሆነ ግን «ዘ» ይገባል፦ «ዘ ዩናይትድ ስቴትስ»፣ «ዘ ኔዘርላንድስ»፣ «ዘ ፊሊፒንስ»። «ዘ ጋምቢያ»ን ለብቻዋ ይያዙ።

ጥያቄ፦ «ጎ ቱ ስኩል» እና «ጎ ቱ ዘ ስኩል» ሁለቱም ይባላሉ?

መልስ፦ ይባላሉ፣ ትርጉማቸው ግን ይለያያል። ተማሪው ለመማር ሲሄድ ባዶውን ነው፤ ወላጅ መምህር ለማነጋገር ወደ ሕንፃው ሲሄድ «ዘ» ይገባል። «ፕሪዝን»ም እንዲሁ ነው፤ ታሳሪው «ኢን ፕሪዝን» ነው፣ ጠያቂው የሚመጣው «ቱ ዘ ፕሪዝን» ነው። «ሆስፒታል» ላይ ብሪታንያውያን ስለ በሽተኛው «ኢን ሆስፒታል» ሲሉ፣ አሜሪካውያን «ኢን ዘ ሆስፒታል» ይላሉ፤ ሁለቱም ትክክል ናቸው።

ጥያቄ፦ የራሴን ጽሑፍ እንዴት ላርም?

መልስ፦ ለአርቲክል ብቻ ሁለት ዙር ያንብቡ። በመጀመሪያው ዙር ከየስሙ ሥር ያስምሩና የሚቆጠሩትንና ነጠላ የሆኑትን ብቻ ይልቀሙ። ፊታቸው ላይ «ኤ»፣ «ዘ»፣ «ማይ»፣ «ዚስ»፣ «ኢች» ወይም «ዋን» አለ? ከሌለ፣ እንደ «ባይ ባስ» ያለ የተለመደ አባባል ካልሆነ በቀር፣ ስህተት ነው። በሁለተኛው ዙር እያንዳንዱን «ዘ» «የትኛው?» ብለው ይጠይቁት። መልሱ ከጽሑፉም ከአንባቢው ዕውቀትም ካልተገኘ ይሰርዙት፤ ስሙ የሚቆጠርና ነጠላ ከሆነ በምትኩ «ኤ» ያስገቡ። የጋዜጣ ርዕስን ግን አርአያ አያድርጉ፤ ቦታ ለመቆጠብ ሲባል አርቲክል እየተጣለ የሚጻፍ ነውና።