ሠራተኛዋ ጉንዳን ወይስ ሠራተኛው ጉንዳን?

ጥያቄ፦ በደን ውስጥ ስለሚኖሩ ጉንዳንና ምስጥ አጭር የሳይንስ ጽሑፍ እያዘጋጀሁ ነው። «ሠራተኛዋ ጉንዳን ምግብ ትሸከማለች፤ ሠራተኛው ምስጥ እንጨት ይበላል» ብዬ ጻፍኩ። አርታኢው «አንዷን በሴት፣ ሌላውን በወንድ መጥራት አይሆንም» አለኝ። ልክ ነው? ምስጥን «ነጭ ጉንዳን» ማለትስ ይቻላል?

መልስ፦ ዓረፍተ ነገሩን እንዳለ ይተዉት። በጣም ጥሩ ነው።

በአማርኛ ጾታው ያልታወቀን እንስሳ በተለምዶ በወንድ እንጠራለን። «ጉንዳኑ ነከሰኝ» የሚል ሰው ጾታውን አጣርቶ አይደለም። ትንሽነቱን ወይም ለእሱ ያለንን ፍቅር ለመግለጽ ስንፈልግ ግን ወደ ሴት እናዞረዋለን፦ «ይቺ ጉንዳን የተሸከመችውን እይማ!» ይህ የቋንቋችን ውብ ጠባይ ነው። ጾታው በእርግጥ ሲታወቅ ደግሞ ምርጫ የለም። «ላሟ መጣ» የሚል አማርኛ ተናጋሪ አይገኝም።

የጉንዳን ነገር የታወቀ ነው። ሠራተኞቹ በሙሉ ሴቶች ናቸው። ምግብ የምትሸከመው፣ መኖሪያውን የምታጸዳው፣ እጮቹን የምትመግበው፣ ጠላት ሲመጣ የምትዋጋው ሴት ናት። ወንዱ ክንፍ አውጥቶ ለመራባት ይበራል፤ ከዚያ ብዙም ሳይቆይ ይሞታል። ስለዚህ «ሠራተኛው ጉንዳን» ሰዋስው ባያፈርስም በሳይንስ ጽሑፍ ውስጥ አንባቢን ያሳስታል።

ምስጥ ጋ ስንመጣ ነገሩ ይለያል። በሠራተኞቹ መካከል ወንድም ሴትም አለ። ንጉሡም ቢሆን ከንግሥቲቱ ጋር አብሮ ይኖራል። ወንድና ሴት ሲቀላቀሉ አማርኛ የወንዱን አጠራር ይወስዳል፤ «ሠራተኛው ምስጥ» ያሉት ለዚህ ነው ትክክል የሆነው።

«ሠራተኞቹ ይሸከማሉ» ብለው በብዙ ቁጥር ቢጽፉ ክርክሩ ይቀራል፤ በብዙ ቁጥር ጾታ አይለይማ። እኔ ግን አልመክርም። የሁለቱን ነፍሳት ትልቅ ልዩነት በአንዲት ፊደል ማሳየት እየተቻለ ለምን ይደበቃል?

«ነጭ ጉንዳን» የሚለው ግን ይቅር። ምስጥ የበረሮ ዘመድ ነው፤ ጉንዳን የንብና የተርብ። የጉንዳን ወገብ ቀጭን ነው፣ አንቴናዋም እንደ ክርን የታጠፈ። የምስጥ ወገብ ወፍራም፣ አንቴናው ቀጥ ያለ ነው። እንዲያውም ምስጥን አድነው ከሚበሉ ፍጥረታት ዋነኞቹ ጉንዳኖች ናቸው። አዳኝና ታዳኝን በአንድ ስም ከጠራን፣ «ጉንዳን ነጭ ጉንዳንን በላች» ብለን ልንጽፍ ነው።